ክላክስ ክልክል ነው

እኔ ጎሚስታ ነኝ፣ ቡሬ መገንጠያው ዳር፣
ሃያ ዓመት የኖርሁ ከአስፋልቱ ጫጫታ ጋር፤
የነቀምቱን ኤፍ ኤስ አር፣ የባሕር ዳሩን አውቶብስ
ሳላይ ነው የምለየው፣ ገና ክላክሱ ሲደርስ።

ከፊቴ ጤና ጣቢያ፣ የወላዶች ክፍል መስኮት፣
መስታወቱ የሚርድ ክላክስ ባረፈበት፤
ስም ያልወጣለት ሕፃን፣ እትብቱ ገና ያልደረቀ፣
በመኪና ጩኸት ደንግጦ ስንት ጊዜ ጡት ለቀቀ።

ሲስተር ይርገዱ ናት ይህን ዝም ያላለችው፤
ማዘጋጃ ቤት ድረስ ወረቀት ይዛ የሄደችው።
እኔም ፈርሜያለሁ፣ በጥቁር ዘይት ባደፈ ጣት፤
«አሻራህ ነው?» ብትለኝ፣ «አይ፣ ሥራዬ ነው» አልኋት።

በኅዳር መጨረሻ ምልክቱ ተተከለ፤
ክብ ቆርቆሮ፣ ቀይ ጠርዝ፣ ጥሩምባ በመሐል የተሳለ፣
በላዩ ላይ ቀይ መስመር።
እና ጸጥ አለ ሰፈር።

እንዴት ያለ ጸጥታ!
የኮምፕሬሰሬ ትንፋሽ ለራሴው እንግዳ ሆነብኝ፣
የማዶው ልብስ ሰፊ መኪና እንደሚንኳኳ ተማርሁ፣
ሕፃን ሲወለድም፣ ወንድ ይሁን ሴት ባላውቅ፣
ከመንገድ ማዶ ሆኜ የመጀመሪያውን ጩኸት ሰማሁ።

ስለ ዳማ ግን ማናችን አሰብን?
የአንማው ጋሪ ፈረስ፣ ዓይኑ ግራና ቀኝ የተጋረደ፣
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በዚህ መንገድ የወረደ።
በዓይኑ አይደለም፣ በጆሮው ነበር መንገድ የሚያቋርጠው፤
ክላክስ ሲሰማ ይቆማል፣ ሲያልፍ ይሄዳል፣ ማንም ሳያዘው።
አንማውም ያንቀላፋል፣ ልጓሙን አላልቶ፣
ኃላፊነቱን ሁሉ ለዳማ ጆሮ ትቶ።

ቅዳሜ ነበር፣ ገበያ። ጋሪው ላይ ሦስት ኩንታል በቆሎ።
ኤፍ ኤስ አሩ ከነቀምት በኩል፣ ሕግ አክብሮ፣ ዝም ብሎ።

ዳማ ምንም አልሰማም።
ምንም ካልሰማ አይቆምም።

አንማው እግሩ ተሰብሮ ተረፈ።
በቆሎው እስከ ደጄ ተንከባሎ ተዘረገፈ።
ዳማ ግን አስፋልቱ ላይ፣ ጆሮውን እንዳቆመ ቀረ፤
ያልመጣውን ክላክስ የሚያዳምጥ ይመስል ነበረ።

በማግስቱ ከተማው ለሁለት ተከፈለ፤
«ምልክቱ ይነቀል!» ብሎ ድንጋይ ይዞ የመጣም አለ።
ሲስተር ይርገዱ በነጭ ጋውኗ ቆመች ከምሰሶው ሥር፤
«ጥፋቱ የዝምታ አይደለም፤ ብቻውን ዘብ ማቆማችን ነበር።»

ሳጅን እንዳላማው ሜትር ይዞ መጣ፣ ለልኬት፤
የፍሬኑ ጥቁር መስመር ከየት ጀምሮ እስከ የት።
አርባ አንድ እርምጃ። ጻፈ። ራሱን ነቀነቀ።
«ገንዘብ የለም» አለ፤ ይህንንስ ማን አላወቀ?

ያን ጊዜ ከጓሮዬ ያለውን ክምር አሰብሁ፤
መላጣ ጎማ፣ ስንት ዓመት «ይጠቅም ይሆናል» ያልሁ።
ሃያ ሦስቱን አወጣን፣ በመጋዝ ለሁለት ገመስን፣
ጫፍ ጫፉን ቀብረን ጀርባውን ቀስት አድርገን አቆምን፣
በኖራ ነጭ ቀባን፤ መሐል መንገዱን አጠበብን።
የመንገድ ሥራ ልጆች በትርፍ ሬንጅና ጠጠር
ሁለት ጉብታ ሠሩልን፣ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከጤና ጣቢያው በር።
ለጋሪዎች ደግሞ ገመድ፣ ቀይ ጨርቅ የተንጠለጠለበት፤
አንማው ነው የሚያነሳው፣ በክራንች ተደግፎ ቆሞበት።
ማንም አልለመነውም። ራሱ ነው «ስጡኝ» ያለው፤
ሌላ ፈረስ ግን አልገዛም። ለምን ብዬ አልጠየቅሁት፣ እሱም አልነገረኝ ያለው።

አሁን መኪና ሲመጣ ማርሹ ነው የሚነግረኝ፤
ከአራት ወደ ሦስት፣ ወደ ሁለት፣ ሲያንጎራጉር የሚመስለኝ።
ሌሊት ሕፃን ሲያለቅስ፣ ከባድ መኪና ጉብታውን ሲረግጥ፣
ሁለቱም ይሰማሉ፤ አንዱ ሌላውን ሳይውጥ።

ባለፈው አንድ ሾፌር፣ ጎማው ተንፍሶ ቆመና፣
ነጫጮቹን ግማሽ ክቦች አየ፣ ዓይኑን ጠበብ አደረገና፣
«ይሄን ያሰበው» አለኝ «መሐንዲስ ነው? ከየት መጣ?»
ምስማሩን በጉጠት ይዤ ከጎማው ሆድ ሳወጣ፣
«ፈረስ ነው» አልሁት።
ሳቀ።
እኔ ከመነዳሪውን ውሃ ውስጥ ነከርሁት፣
አረፋው እስኪወጣ ዝም ብዬ አየሁት።